የካባሶ ኮት በሌላ ሰው ትከሻ

«አልቅሺ» አለቻት ባና ቾላ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ንካንዱ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። አንዲት ጎረቤት ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና «ካባሶ ወዮ! ለማን ትተኸን!» እያለች በበሩ ገባች፤ ወለሉ ላይ የተቀመጡት ሴቶችም ልቅሶውን እንደ አዲስ ጀመሩት። ሶፋውና ጠረጴዛው ወጥተው ሳሎኑ በፍራሽና በምንጣፍ ተሞልቷል። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ጩኸቱ ከሥሩ ይነሣል፤ የገባችው ሴት ስትቀመጥ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ስለ ዝናቡ መዘግየት ይወራል። ንካንዱን ግራ የሚያጋባት ይህ ነው። ምልክት የሚሰጥ የለም፤ ሁሉም ግን መቼ እንደሚጀመር፣ መቼ እንደሚቆም ያውቃል።

ባና ቾላ ጭኗን ቆነጠጠቻት። «የአባትሽ ልቅሶ ነው እኮ! ሰው እያየሽ ነው።»

«እየሞከርኩ ነው አክስቴ።»

«ልቅሶ ይሞከራል እንዴ?»

ባና ቾላ የሟቹ ታላቅ እህት ናት። ድምጿ ከሌሊቱ ልቅሶ ተሰንጥቋል፤ ቢሆንም ሰው በገባ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች። የንካንዱ እናት ቀድማ ስለ ሞተች የቤቱ ኀዘንተኛ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አንደኛዋ ለሁለት ስታለቅስ ሁለተኛዋ ዝም ብላ ተቀምጣለች።

ከመስኮቱ ሥር ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ዓይኗን አየሽው? ጠብ የሚል ነገር የለውም።»

«ምን ታደርጊዋለሽ፣ አባትየውም ኩሩ ነበር። ሰላም ሲሉት ጫማቸውን ነበር የሚያየው።»

«ኩራት ብቻ ቢሆን እኮ ደግ ነበር። አባቷ ሞቶ የማታለቅስ ልጅ አንድ የምታውቀው ነገር አላት።»

ንካንዱ ሁሉንም ሰማች። ጆሮዋ የሚፈልገውን ከማይፈልገው አይለይም፤ ሹክሹክታውም፣ ጓሮ የሚታጠበው ድስትም፣ ቁርጭምጭሚቷን የሚበላት የምንጣፍ ሰበዝም እኩል ይመጡባታል። ወሬው ምን ማለት እንደሆነም ገብቷታል። በማዕድን ከተማዋ በሉዋንሺያ እንዲህ ያለ ወሬ ከልቅሶ ቤት ወጥቶ ገበያ ሲደርስ «አባቷን የበላች» ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ከእሷ ሰልባጅ የሚገዛ አይኖርም። ግን ይህን ልትፈራው አልቻለችም። አእምሮዋ ውስጥ ለሌላ ነገር ቦታ አልነበረም። ክፍት የቀረ የአጥር በር ብቻ ነበር ያለው።

በመጨረሻው እሑድ አባቷ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውል ነበር። ልትነግረው ያሰበችውን መንገድ ለመንገድ እየተለማመደች ነው የመጣችው።

«አባዬ፣ ሐኪም ቤት የምመላለስበትን ነገር ልንገርህ።»

«ንገሪኝ» አለ፣ ከጫማው ቀና ሳይል።

ነገረችው። ባለፈው ዓመት ገበያ መሀል የልብስ ቦንዳ ስትፈታ ድንገት ከጨርቅ ክምሩ ሥር ገብታ የተኛችው፣ ከዚያም ለብዙ ቀን ቃል ያልተነፈሰችው መንፈስ ይዟት እንዳልሆነ ነገረችው። ኪትዌ ከተማ ያለችው ሐኪም ወራት ሙሉ ስታነጋግራት ከርማ ኦቲዝም ነው እንዳለቻት ነገረችው። «በሽታ አይደለም ብላኛለች። ከተወለድኩ ጀምሮ ጭንቅላቴ የተሠራው እንዲህ ነው። የጣለኝ እሱ አይደለም፤ ዕድሜ ልኬን ሌላ ሰው መስዬ ለመኖር ስል ደክሞኝ ነው። ድምፅ የሚያመኝ፣ ሰው ሲበዛ የምጠፋው፣ ቀልድ የማይገባኝ፣ ሁሉም አንድ ነገር ነው አባዬ። ስም አለው።»

ብሩሹ ቆመ። አባቷ ተነሣ፤ ባርኔጣውን ደፋ፤ አንድ ጫማው እያብለጨለጨ አንዱ አቧራ እንደ ለበሰ ግቢውን አቋርጦ ወጣ። የአጥሩን በር አልዘጋውም። ሲገባም ሲወጣም መቀርቀሪያውን ሁለቴ ሳይነካ የማይሄድ ሰው በሩን ወለል አድርጎ ትቶት ሄደ።

እስኪመሽ ጠበቀችው። አልተመለሰም። በሩን ዘግታ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ስልክ አልደወለም፤ እሷም ቅር ያለው ሰው መቼ እንደሚደወልለት ስለማታውቅ አልደወለችም። በኋላ ደም ግፊት ጣለው የሚል ስልክ መጣ፤ ስትደርስ አልፏል።

አፈረብኝ? ወይስ... ከ«ወይስ» በኋላ የሚመጣውን ማግኘት አቃታት። ሰው ሁሉ በልቅሶው መሀል የሚያውቀውን ያወራል፤ ካባሶ ያን ዕለት ለምን ተነሥቶ እንደ ሄደ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ሳታውቅ አባቷን አፈር ማልበስ እንዴት እንደሚቻል አልገባትም።

እንደሚያፍርባት የምታስብበት ምክንያት ነበራት። ገና ተማሪ ሳለች አስተማሪዋ «ልጅዎ ሰው አታይም» ብላ ከሰሰቻት። አባቷ በዚያው ቀን ወጥ ቤት አስገባትና ትይዩዋ ተቀመጠ። ጣቱን በሁለት ቅንድቦቹ መሀል አደረገ።

«እዚህ ጋ ነው የምታይው። ዓይኑን አትይ፤ ዓይን ይከብዳል። እዚህ። ሦስት ድረስ ቁጠሪ፤ ከዚያ ወደ ጫማው ውረጂ። አየችኝ ብሎ ያስባል።»

በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት ያለማምዳት ነበር። ሰላምታ ስትሰጪ ስለ ልጆች ጠይቂ፤ ስለ ዝናብ ጠይቂ፤ ሲስቁ ሳቂ፤ የት ላይ እንደሚሳቅ ካላወቅሽ ከንፈርሽን ብቻ ፈታ አድርጊ። ስትሳሳት አይቆጣም፤ «እንደገና» ይላል ብቻ። ሌሎች አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ሲሄዱ የእሷ አባት ፊቷን እንደ ጎደለ ዕቃ ይጠግነው ነበር። ልጅነቷን ስታስብ የሚመጣላት ያ «እንደገና» ነው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከመንገዱ በኩል የድስት ክዳን ሲደበደብ ተሰማ።

«እናንት ዝንጀሮ በላዎች! ሰውዬውን በልታችሁ ጨረሳችሁት?»

ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። «አይጥ በላው መጣ!» አለች አንዷ። «ሞሰቡንም ድስቱንም ክደኑ፤ የግቢውን ጉድጓድ ሁሉ ቆፍሮ ሊገባ ነው!»

የመጡት ሽማግሌው ባ ጄሬ ናቸው። ነገዳቸው ንጎኒ ነው፤ የካባሶ ደግሞ ቤምባ። አያቶቻቸው በጦር ተዋግተው በስድብ ታርቀዋል፤ ከዚያ ወዲህ ቤምባ ሲሞት ንጎኒው፣ ንጎኒው ሲሞት ቤምባው ልቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹን ይሳደባል፤ ይተርባል፤ አካሄዱን ያስመስላል። የሚቀየም የለም። የተቀየመ ራሱ መሳቂያ ይሆናል። ባ ጄሬ ደግሞ ከካባሶ ጋር አንድ ማዕድን ማውጫ ውስጥ አርጅተዋል። ካባሶ ከምድር በላይ ባለ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሠራተኞቹን ወደ ምድር ከርስ የሚያወርደውን የብረት ሣጥን በደወል ምልክት ሲያወርድና ሲያወጣ፣ ባ ጄሬ በሣጥኑ ሲወርዱና ሲወጡ ኖረዋል።

«ኮቱን አምጡልኝ! ባርኔጣውንም!» አሉ።

የካባሶን ካኪ ኮት ለበሱ። ትከሻው ይሰፋቸዋል። ወደ ቤቱ ግድግዳ ሄደው ጀርባቸውን ለጠፉ፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጣቶቻቸውን እያፋተጉ ቆሙ።

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። «ራሱ ነው! ግንቡ ተነሣ!» አሉ ወንዶቹ ከእሳቱ ዳር። ሠርግም ይሁን ልቅሶ ካባሶ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ስለሚቆም የሥራ ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ነው፤ ግንቡ።

«አትጠጉኝ!» አሉ ባ ጄሬ በካባሶ ቀጭን ድምፅ። «ከግድግዳው ከተላቀቅሁ አንዳችን እንወድቃለን!»

ንካንዱ የሻይ ሰሐን ይዛ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። አንዲት አሮጊት ሊጨብጡ ወደ ባ ጄሬ ተጠጉ። ባ ጄሬ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ዓይናቸውን በአሮጊቷ ቅንድቦች መሀል ተከሉ። ቆዩ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ጫማ ወረዱ።

«ልጆች ደኅና ናቸው? ዝናቡስ ደኅና ነው? ጫማዎ ደኅና ነው?»

ሰው በሳቅ ተንፈራፈረ። ንካንዱ ግን ሳቁ ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ መሰላት። ቆጥራ ነበር። ዓይናቸው የወረደው ልክ ሦስት ላይ ነው። ባ ጄሬ ይህን ከእሷ አልተማሩትም፤ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም። ዕድሜ ልካቸውን ከካባሶ ፊት ላይ እያዩ ነው የያዙት። ዓይን ይከብዳል። አባቷ ይህን ማን ነግሮት ነው ያወቀው? ጠይቃው አታውቅም ነበር።

«ልጄ የት አለች?» ሲሉ ጮኹ ባ ጄሬ። «ያቺ ሰልባጅ ሻጭ! ነይ፣ አባትሽን ሰላም በይ!»

ምን መደረግ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። የሟቹ ልጅ ዕቃ የታጠበበትን ውሃ ትደፋባቸዋለች፤ «ወደ ጉድጓድህ ሂድ አንተ አይጥ አሳዳጅ» ትላለች፤ ይሳቃል፤ ኀዘኑም ትንሽ ይቀላል። ንካንዱም ታውቃለች፤ ተነግሯታል። ነገር ግን ኮቱ የአባቷ ነው። ግድግዳው የአባቷ ነው። የጣቶቹ መፋተግ የአባቷ ነው። የሻይ ሰሐኑን መሬት አስቀመጠችና ሄዳ ፊት ለፊት ቆመች።

«አባዬ» አለች፣ «ያን እሑድ ስነግርህ ለምን ተነሥተህ ሄድክ?»

«ሽንት ወጥሮኝ ነዋ!» አሉ ባ ጄሬ፤ ግቢው እንደገና ፈነዳ።

«አይደለም። ሽንት ቤቱ በጓሮ በኩል ነው። አንተ የሄድከው በአጥሩ በር ነው።»

ሳቁ ጥቂት ሮጠና ቀስ በቀስ ቆመ።

«ወይ ጉዴ!» አለች ባና ቾላ ከሳሎኑ በር። «ባ ጄሬ፣ ይተዋት በሞቴ። ኀዘን ነው፤ ጭንቅላቷን ነክቷት ነው።»

«አልነካኝም አክስቴ። እየጠየቅሁት ነው።»

ባ ጄሬ በስንት ልቅሶ ቤት ስንት ሙት ሆነዋል። ውሃ ደፍተውባቸዋል፤ አመድ በትነውባቸዋል፤ ሙቱን ጥያቄ የጠየቀው ግን አንድ ሰው አልነበረም። ንካንዱን አዩዋት። ባርኔጣውን አወለቁ። ኮቱንም አወለቁና አጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡት። በሸሚዝ ሲቀሩ ያነሱ፣ ያረጁ ሆኑ።

«እኔ ቤት ነው የመጣው» አሉ በራሳቸው ድምፅ። «አንድ ጫማው ተወልውሏል፣ አንዱ አልተወለወለም። ሰላም አላለኝም። ተቀመጠና 'ጄሬ፣ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ስትሰድበኝ እየቀለድክ ነበር?' አለኝ። እኔ ደግሞ 'ምነው፣ አታውቅም ነበር እንዴ?' አልኩት። 'ንጎኒ ከቤምባ ጋር እንደሚቀልድ አውቃለሁ፤ ተነግሮኛል። የትኛው ቀልድ፣ የትኛው እውነት እንደሆነ ነው የማላውቀው። ስለዚህ ሁሉንም ይዤ ቤቴ እገባ ነበር' አለኝ።»

ባ ጄሬ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ሠላሳ ዓመት ነው ንካንዱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይስቅልኝ ነበር።»

«ከንፈሩን ፈታ አድርጎ?»

«አዎ። እንደሱ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ 'ልጄ ዛሬ የእሷን ነገር ስትነግረኝ የራሴን ሰማሁ' አለ። ሌላ አላለም። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጠ። 'በል ተነሥ፣ ሂድና ንገራት፤ ልጅቷ በር ላይ ትጠብቅሃለች' አልኩት፤ እሱ ግን 'መጀመሪያ የምለውን ልለማመድ' አለኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይመጣ ነበር። እዚያ ጓሮ፣ ከዶሮዎቼ ፊት ቆሞ ይለማመዳል።»

«ምን ይል ነበር?»

«መጀመሪያው ላይ ነው የሚቆመው። 'ልጄ' ይላል። ዝም ይላል። ከዚያ 'አይ፣ እንደገና' ይላል።»

ንካንዱ እጆቿን ወደ ኋላ እንዳጣመረች አላወቀችም።

«ይሄ ቀልድ ነው?» አለች።

«አይደለም።»

«በምን ላውቅ እችላለሁ?»

ባ ጄሬ ወደ ወንበሩ ጠቆሙ። «ኮቱን አውልቄያለሁ።»

እንዲህ ያለ ግልጽ መልስ ከሰው አግኝታ አታውቅም። የሻይ ሰሐኑን አንሥታ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች፤ በሩንም ዘጋች። ከከሰል ጆንያው አጠገብ ተቀምጣ የቀረውን ልትሞላው ሞከረች። ልጄ፣ አሳፈርሽኝ። ልጄ፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ። ልጄ፣ ያስተማርኩሽ ያለኝን ነው። ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ሁሉም ልክ ይመጣሉ። ሁሉም በእሱ ቀጭን ድምፅ ይሰማሉ። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ምናልባት እሱም አላወቀውም፤ ለዚህ ይሆናል የሚቆመው። ደስ ይበላት ወይስ ትዘን አላወቀችም። ሆዷን ያማታል፤ ግን ያ ኀዘን ይሁን ረኃብ አልለየችም። አንዲት ሴት በሩን ከፈት አድርጋ ንሺማ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በደረቅ ዓሣ አቀበለቻት። በላችው። ሕመሙ አልሄደም። ስለዚህ ረኃብ አይደለም ብላ አሰበች።

በቀብሩ ዕለት ሴቶቹ በጭነት መኪና ተሳፈሩ። ባና ቾላ ከንካንዱ ጎን ተቀምጣ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ አላናገረቻትም።

«ወንድሜን በሞተ ማግስት ስም አታውጪለት» አለች ድንገት። «ኩሩ ነበር። በቃ፣ ኩሩ ሰው ነበር።»

«ስም አላወጣሁም። ሐኪሟም ያላየችውን ሰው እንዲህ ነው አትልም። እኔ ጥያቄ ነው የጠየቅሁት።»

«በሰው ፊት!»

«ሌላ ጊዜ አልነበረም አክስቴ። ዛሬ ይቀበራል።»

ባና ቾላ ወደ መንገዱ ዞረች። መኪናው የማዕድኑን ዝቃጭ ጥቁር ክምር ሲያልፍ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ «ልጅ ሳለ ሠርግ በኖረ ቁጥር በቆሎ ጎተራ ውስጥ ገብቶ ይደበቅ ነበር» አለች። «ከበሮው እስኪያልቅ አይወጣም። እናታችን ጋኔን ነው ብላ ሥር በተቀቀለበት ውሃ አጠበችው። ሲጮህ መንደሩ ሰማ። ከዚያ ወዲያ መደበቁን ተወ።»

«ዳነ ማለት ነው?»

«ተወ ነው ያልኩሽ። ዳነ አላልኩም።»

ንካንዱ ሌላ ልትጠይቅ ፈለገች፤ ግን የአክስቷ አገጭ ሲንቀጠቀጥ አየች። እንዲህ ሲሆን ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም? አላወቀችም።

ሣጥኑ ሲወርድ ጩኸቱ ሰማይ ነካ። ባ ጄሬ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክከው «ጉድጓዱ አጭር ነው! ቤምባዎች ለሙት እንኳ ትሰስታላችሁ!» አሉ፤ የሳቀ ግን ጥቂት ነው፤ እሳቸውም ሁለተኛ አልደገሙትም። ንካንዱ አፏን አልከፈተችም። መስኮት ሥር የነበሩት ሁለቱ ሴቶች ከሕዝቡ መሀል ሆነው ያዩዋታል።

ወንዶቹ አፈሩን መልሰው ጉብታ አደረጉት። ከዚያ ሴቶቹ በወጉ መሠረት ተንበርክከው በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ያስተካክሉት ጀመር። ንካንዱም ተንበረከከች። አፈሩ ቀይ ነው፤ ገና ርጥበት አለው፤ በቆሎ ፍሬ የሚያካክል ጠጠር ሞልቶበታል። መዳፏን ስታሳርፍበት አንዱ ወጋት። ነቀለችው። ከጎኑ ሌላ አለ። እሱንም ነቀለችው። ከራስጌው ጀመረች፤ ትከሻው ሊሆን በሚችልበት በኩል ወደ ታች ወረደች፤ እያንዳንዱን በጣቷ እየፈለገች፣ እያወጣች፣ የወጣበትን ቀዳዳ እያለሰለሰች።

ሌሎቹ ጨርሰው ተነሡ። አበባው ተተከለ። ጸሎቱ አለቀ። መኪናው ጥሩንባ ነፋ፤ ሴቶቹ መሳፈር ጀመሩ። ንካንዱ ገና ወገቡ ጋ ነበረች።

ባና ቾላ ልትጎትታት እጇን ዘርግታ መጣች። «ተነሺ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው። ምን እያደረግሽ ነው?»

ንካንዱ ቀና አላለችም። እጇም አልቆመም።

«ጠጠር አለው» አለች። «ይቆረቁረዋል።»

የባና ቾላ እጅ አየር ላይ ቀረ። ወደ መኪናው ዞራ የሚያዩዋትን ፊቶች አየች። ጉብታውን አየች። ከዚያ በመቃብሩ ወዲያኛው ጎን በዝግታ ተንበረከከች፤ ያገለደመችውን የቺቴንጌ ጨርቅ ጫፍ ፈትታ ለጠጠሩ ዘረጋችለት፤ በእግሩ በኩል ጀመረች።